መጀመሪያ የኃላፊው መኪና ላይ ይገጠም

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የስምሪትና የጥገና ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ ከኋላ የተቀመጣችሁ ሾፌሮች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ ቴክኖሎጂ እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። መሣሪያውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከዳሽቦርዱ ሥር የምትገባ ትንሽ ሳጥን ናት። ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ተቀብላ መኪናው የት እንዳለ ታሰላለች። መረጃውን በሲም ካርድ ወደ ቢሮ ትልካለች። ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ከተገናኘች ደግሞ ሞተሩ መቼ እንደተነሳ፣ መቼ እንደጠፋ ጭምር ትናገራለች።

ድሮ ስምሪት ክፍል ስሠራ የሆነውን ልንገራችሁ። ዝምተኛ ሾፌር ነበረን። ጠዋት ማንም ሳይገባ ዘይትና ውሃ አይቶ፣ የጎማ ንፋስ ለክቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። የወሩ ነዳጅ ሲወራረድ ግን የእሱ መኪና ሁሌም ከሌሎቹ የበለጠ ትበላለች። በሊትር የሄደችው ኪሎ ሜትር ያንሳል። «ነዳጅ ይሸጣል» ተባለ። መጀመሪያ በሐሜት፣ ቀጥሎ በስብሰባ፣ በመጨረሻ በደብዳቤ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፣ ከደመወዙም ተቆረጠ። «ኧረ ሞተሩ እየሠራ ነው ቆሜ የምውለው» ይል ነበር። ማን ይስማው?

ከዚያ መሣሪያው መጣ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እሱን እጅ ከፍንጅ ለመያዝ ነበር የተገጠመው። የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ መኪናዋ አዳራሽ ደጅ ቆማ ሞተሯ ለሰዓታት ሲሠራ አየን። ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ ውስጡ ቀዝቅዞ እንዲጠብቃቸው ታዞ ነው። ቀላል የቤንዚን መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ፣ እንደ ሞተሩ መጠን፣ በሰዓት ከ0.6 እስከ 1.5 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ኤሲ ሲበራ ይጨምራል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ንቅንቅ አይልም። ሰውየውን ሌባ ያስባለው ይኸው ነው።

ደብዳቤው ከፋይሉ የወጣለት ይመስላችኋል? አልወጣም። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ የመጣው መልስ ሌላ ነበር፦ «ለደኅንነት ሲባል ከኃላፊዎች መኪና ላይ መሣሪያው ይነሳ።» ተነሳ! ፒክአፑና የሠራተኛ ሰርቪሱ ላይ ግን ቀረ።

ዛሬ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። ነዳጁ የሕዝብ ነው። ጎማውም፣ መለዋወጫውም የሕዝብ ነው። ሾፌሩ በየደቂቃው እየተቆጠረበት ኃላፊው የማይቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው? ቅዳሜና እሑድ የመንግሥት መኪና ይዞ የሚዞረው ሁልጊዜ ሾፌር ነው እንዴ? እዚህ አዳራሽ ውስጥ መልሱን የማያውቅ የለም!

ደኅንነት እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ አልክድም። መፍትሔ ግን አለው። ቦታውን ማን እንደሚያይ መገደብ ይቻላል። የነዳጅ ፍጆታውንና የሞተር ሰዓቱን መደበቅ ግን ከደኅንነት ጋር ምንም አያገናኘውም።

ስለ ጥገና ባጭሩ። ቆሞ የሚሠራ ሞተርም ያልቃል፤ ስለዚህ ሰርቪስ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሞተር ሰዓትም ይታይ። በመኪናው የነዳጅ ታንከር ውስጥ ስንት ነዳጅ እንዳለ የሚለካውን ሴንሰር የምትገጥሙም በእያንዳንዱ ታንከር ልክ አስተካክሉት። ያልተስተካከለ ሴንሰር ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነዳጁ ሲዋልል «ተሰረቀ» ብሎ ይጮኻል፤ እንደገና የሚጠራው ሾፌሩ ነው። ሪፖርቱን በየሳምንቱ የሚያነብ ሰውም ይመደብ።

የግዢ ኮሚቴ አባላት፣ የመሣሪያው ግዢ ሰነድ ገና እንዳልተፈረመ አውቃለሁ። ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ መሣሪያው መጀመሪያ የበላይ ኃላፊዎች መኪና ላይ ይገጠም። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ሾፌር ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍበት በፊት የራሱን መኪና ሪፖርት ቁጭ ብሎ የማየትና መልስ የመስጠት መብት ይኑረው። ሳይጨመር ከተፈረመ፣ እኔ በበኩሌ ተቃውሞዬን በጽሑፍ አስገባለሁ። አብራችሁኝ የምትፈርሙ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ እንገናኝ።

አመሰግናለሁ።