ከአንዱ አቻ በኋላ

የተከበራችሁ የስፖርት ጋዜጠኞች፣ የደጋፊ ማኅበራት ተወካዮች፣ አሰልጣኞች፣

ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያን አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ገጥመው 1 ለ 1 ወጡ። ከ6 ቀን በኋላ አቡጃ ላይ 4 ለ 0 ተሸነፉ። እንዲህ ባለ ሳምንት ምስጋናውም ወቀሳውም ልኩን ያልፋል።

እውነቱን ለመናገር፣ አቻው ራሱ የሚያስጨፍር አልነበረም። በሜዳችን ብልጫ ሳንይዝ ወደ ናይጄሪያ ሜዳ ሄድን። በ90 ደቂቃው ለማለፍ አቡጃ ላይ የግድ ማግባት ነበረብን። ማግባት ያለበት ቡድን ነቅሎ ይወጣል፣ ከተከላካዮቹ ጀርባም ቦታ ይተዋል። ያ ቦታ የተተወው ደግሞ ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት በዓለም ዋንጫ አውስትራሊያን 3 ለ 2 ላሸነፈ፣ እንግሊዝንም እስከ መለያ ምት ላደረሰ ቡድን ነው።

ሌላው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አቡጃ ግን 500 ሜትር አካባቢ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ እንግዳው ቡድን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ኳሱም ይርቃል። ግብ ጠባቂያችን አዲስ አበባ ላይ የመታችው የመልስ ምት አጥቂዋ ደረት ላይ ሲያርፍ፣ በዚያው ጉልበት የተመታው አቡጃ ላይ ጥቂት ሜትሮች ያጥርና የተከላካይዋ ግንባር ላይ ይወርዳል። ረጅም ኳስ የለመደ ቡድን ይህንን ሳያስተካክል ግማሽ ሰዓት ካለፈው፣ ኳሱን እየሰጠ ሲሮጥ ይውላል። ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ እግር ይከዳል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል የነበረው፣ ጉዞውን ጨምሮ፣ 6 ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙም የማይነሳ አንድ ጥቅም አለን። የናይጄሪያ ተጫዋቾች አብዛኞቹ ውጭ አገር ስለሚጫወቱ ክለቦቻቸው የሚለቋቸው ፊፋ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታ በወሰናቸው ቀናት ነው። የእኛዎቹ በአብዛኛው እዚሁ ሊግ ላይ ናቸው። ሊጉን ሁለት ሳምንት ቀድሞ አቁሞ ቡድኑን ድሬዳዋ ማስገባት ይቻላል። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀቷም በቂ ነው፣ ስታዲየምም አላት። ወጪው ከውጭ አገር ካምፕ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ ክለቦች የጨዋታ መደራረብን አለመውደዳቸው ነው፤ ይህ ግን ዓመቱ ሳይጀመር መርሐ ግብር ሲወጣ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

የመለያ ምትንም እንደ ዕድል መቁጠር ይብቃን። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ፣ በጥቅምት 2014 ዩጋንዳ በመለያ ምት ጣለችን፤ በየካቲት 2017 ደግሞ እኛ እሷን በመለያ ምት ጣልናት። ደንቡ ጭማሪ 30 ደቂቃ ስለሌለው 90ው ሲያልቅ በቀጥታ ወደ 11 ሜትሩ ነው። ስለዚህ ልምምዱ መሆን ያለበት ጠዋት በትኩስ እግር ሳይሆን ከከባድ ሩጫ በኋላ፣ ከመሐል ሜዳ ለየብቻ እየተራመዱ መጥተው፣ እያንዳንዷ አንድ ጊዜ ብቻ እየመታች ነው። አምስቱ መቺዎች ከጨዋታው በፊት ይታወቁ፤ ተቀይራ ለምትወጣው ምትክም ይያዝ።

በ1997 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጣውን ቡድን እያነሳን የዛሬዎቹን እንመዝናለን። ያኔ ግን የመጨረሻው ውድድር 8 አገር ብቻ ነበር፣ ብዙ አገሮችም ለሴቶች እግር ኳስ ገና ገንዘብ አላወጡም ነበር። ለምሳሌ ሞሮኮ ለሴቶች ቡድኗ ያኔና ዛሬ የምታወጣውን ማወዳደር ይበቃል። ከ2005ቱ የኢኳቶሪያል ጊኒ ተሳትፎ ወዲህ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለስንም።

ጋዜጠኞች፣ ቀጣዩ ዕጣ ሲወጣ አሰልጣኙን «ታሸንፋላችሁ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት ፌዴሬሽኑን የመልሱ ጨዋታ የት እንደሆነ፣ ሊጉ በየትኛው ቀን እንደሚቆም ጠይቁልን። መልሱንም ከነቀኑ አትሙት።

አመሰግናለሁ።