ዘይቱ ጎድሏል ወይስ ሞተር ሳይክሉ አዘንብሏል? የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

በዛሬው የጥያቄና መልስ ጊዜያችን ስለ ሞተር ሳይክል የሞተር ዘይት ልኬት ከአድማጮች የደረሱንን ጥያቄዎች ባለሙያችን እንደሚከተለው መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሞተር ሳይክሌን በጎን መቆሚያው እንደቆመ ጠዋት ጠዋት ዘይቱን አየዋለሁ። በቀደም ከታችኛው መስመር በታች ሆኖ ስላገኘሁት ጨመርኩበት። ጓደኛዬ ግን በመሃል መቆሚያው አቁሞ ሲለካው ከላይኛው መስመር አልፎ ተገኘ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የጓደኛዎን ይመኑ። ሞተር ሳይክል በጎን መቆሚያው ሲቆም ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው ዘይትም አብሮ ወደ ግራ ይሄዳል። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ መለኪያ ዘንጉ የሚገባው በቀኝ በኩል ነው። ዘይቱ ወደ ሌላኛው ጎን ስለሸሸ ዘንጉ ጫፉ ብቻ ይነካና የጎደለ ይመስላል። እርስዎም አምነው ይጨምራሉ። መለኪያው በግራ በኩል ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር፤ የጎደለው የሞላ መስሎ ይታያል፤ ይህኛው ደግሞ የበለጠ ያስፈራል።

ይህን ነገር ደጋግሜ የምናገረው ሞተር ሲበላሽ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው። በዘንጉ ላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ትርጉም የሚኖራቸው አምራቹ ባሰበው አቋቋም ብቻ ነው፤ ይኸውም ደልዳላ መሬት ላይ፣ ግራና ቀኝ ሳይል ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። የመሃል መቆሚያ ካለው በእሱ ያቁሙት። ከሌለው አንድ ሰው መሪውን ይዞ ቀጥ ያድርግልዎ፤ ብቻዎን ከሆኑም ከወንበሩ ላይ ሳይወርዱ በሁለት እግርዎ ደግፈው ቀጥ ማድረግና ዘንጉን ጎንበስ ብሎ መሳብ ይቻላል፤ ከባድ ለሆኑት ግን ረዳት ይፈልጉ። ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል እንኳን በዘንጉ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ትንሽ አይደለም። በመስመሮቹ መካከል ያለው መጠን በአብዛኛው ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ የሚመስል ስሕተት ሙሉውን ክፍተት ሊሸፍን ይችላል።

አሁን ትርፉን ያውጡት። እንዴት እንደሚወጣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ዘይት የሚለካው ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ? አንዱ መካኒክ «ጠዋት ሳታስነሳ» ይለኛል፣ ሌላው «አስነስተህ» ይለኛል።

መልስ፦ አብዛኞቹ የአምራች መመሪያዎች የሚሉት እንዲህ ነው፦ ሞተሩን አስነስተው ጋዝ ሳይሰጡ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቆዩት፤ ያጥፉት፤ ከዚያ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። ይህ ቅደም ተከተል ያለ ምክንያት አልመጣም። ሞተሩ ሲሠራ ዘይቱ ወደ ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው)፣ ወደ ቧንቧዎቹና ወደ ላይኛው የቫልቭ ክፍል ይሄዳል። አጥፍተው ወዲያው ቢለኩት ገና ወደ ታች ያልወረደው ዘይት በዘንጉ ላይ አይታይም፤ ያለ ምክንያት ጎደለ ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ካደረ ደግሞ ሁሉም ተንጠፍጥፎ ታች ስለሚከማች ሞልቶ ይታያል። መጠበቂያው ጊዜ ሁለቱን ያስታርቃል።

ሙቀቱ ራሱም ድርሻ አለው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ አንድ ሊትር ዘይት ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢጨምር ወደ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል። በጠቅላላው አንድ ሊትር ገደማ ብቻ በሚይዝ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ሞተር ላይ ይህ የሚታይ ልዩነት ነው።

በቀዝቃዛው ይለካ የሚሉ ሞዴሎችም ስላሉ መካኒኮችዎ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተናገሩት ስለተለያየ ሞተር ሳይክል ይሆናል። የእርስዎን የሚፈርደው የራሱ መመሪያ መጽሐፍ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር፦ ለማሞቅ ከማስነሳትዎ በፊት ዘንጉን አንድ ጊዜ አውጥተው ይዩት። ጫፉ ላይ ምንም ዘይት ከሌለ አያስነሱት፤ መጀመሪያ ታችኛው መስመር እስኪደርስ ይሙሉ፣ ማሞቁና ልኩን ማስተካከሉ ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጥያቄ፦ መለኪያው ክዳኑ ላይ የተያያዘ ዘንግ ነው። ስለካ ክዳኑን ላጥብቀው ወይስ እንዲሁ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል። በብዙ ሞዴሎች፣ በተለይም በጃፓን ሠራሽ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች፣ ዘንጉ ተጠርጎ ይገባና የክዳኑ መጠምዘዣ ጥርስ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲያርፍ ይተዋል፤ ክዳኑ አይጠመዘዝም። አጥብቀው ከለኩት ዘንጉ በጥርሱ ርዝመት ያህል ወደ ታች ስለሚገባ የጎደለው የሞላ ይመስላል። አጥብቀህ ለካ የሚሉ አምራቾችም አሉ፤ በእነዚያ ላይ ሳያጠብቁ ቢለኩ ደግሞ የሞላውን ጎደለ ብለው ይጨምራሉ። በመመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ይህን በግልጽ ያሳያል።

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን ይጥረጉ፤ ጭቃና አሸዋ በዚያች ቀዳዳ ከገባ የሚያርፈው ከዘይቱ ጋር ነው። ዘንጉን ክር በማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ፣ አስገብተው ያውጡ፣ ከዚያ ሁለቱንም ገጽ ይዩ። አንዱ ገጽ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ካሳየ ዝቅ ያለውን ይውሰዱ፤ ከፍ ያለው ዘንጉ ሲወጣ ከቀዳዳው ግድግዳ የተቀባው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ገና ሞተር ሳይክል መንዳት የጀመርኩ ተማሪ ነኝ። የእኔ ዘንግ የለውም፣ ትንሽ ክብ መስታወት ነው ያለው። ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ ሁልጊዜ ሙሉ መታየቱ ነው ያሳሰበኝ፣ ልጄ። መስታወቱ ሲያረጅ ከውስጥ በዘይት ቀለም ይበክልና ባዶ ሆኖ ሳለ እንኳን የሞላ ይመስላል። ወይም ደግሞ በእርግጥ ከልክ በላይ ተሞልቶ ይሆናል። ለመለየት ቀላል ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቀጥ አድርገህ ከያዝከው በኋላ ቀስ ብለህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል መለስ አድርገው። በመስታወቱ ውስጥ የዘይቱ ጠርዝ ሲወጣና ሲወርድ ካየህ የምታየው ዘይት ነው፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ በመስታወቱ አትተማመን። የባትሪ መብራት ከጎን አብራበት፤ ዓይንህንም ከመስታወቱ እኩል ዝቅ አድርገው፣ ከላይ ሆነህ ቁልቁል አትየው። ቀጥ ብሎ ሲቆም የዘይቱ ጠርዝ ከመስታወቱ አጠገብ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል ሊያርፍ ይገባል።

ጥያቄ፦ «ትንሽ ቢተርፍ ምን አለበት፣ ከሚጎድል ይሻላል» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከሚጎድል ይሻላል የሚለው ሰው የሚያወዳድረው ሁለት ጥፋቶችን ነው። የጎደለ ዘይት ሞተሩን በፍጥነት ይገድላል፤ በመጀመሪያ የሚጎዱት ቫልቮቹን የሚከፍተው ላይኛው ካም ዘንግና መቀመጫዎቹ ናቸው። በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ደግሞ ዘይቱ ሙቀትን የመሸከም ትልቅ ሥራ ስላለበት፣ ሲያንስ ሞተሩ ይግላል።

የተረፈው ግን ቀስ ብሎ ይሠራል። የዘይቱ ከፍታ ሲያልፍ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየመቱ ይንጡታል። ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ዘይቱም አረፋ ይሆናል። አረፋ ማለት አየር ነው፤ ፓምፑ አየር የተቀላቀለበት ዘይት ሲገፋ ብረትና ብረት የሚለያይበት ሽፋን ይሳሳል። ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ሳጥን ይወጣል፤ ማጣሪያው ይረጥባል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ያጨሳል፣ በሚሽከረከሩት ዘንጎች ዙሪያ ያሉት የዘይት መያዣ ጎማዎችም መላብ ይጀምራሉ። አየር ማጣሪያዎን ከፍተው ዘይት ካገኙበት መጀመሪያ ልኬቱን ይጠርጥሩ።

ለማውጣት የታችኛውን ብሎን መፍታት አያስፈልግም፤ ትኩስ ዘይት እጅ ያቃጥላል፣ ከሚፈለገው በላይም ይፈስሳል። ሞተሩ ትንሽ ከበረደ በኋላ ጫፉ ላይ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ በገባበት ትልቅ ሲሪንጅ ከመሙያው ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት እየሳቡ ደጋግመው ይለኩ። ሲጨምሩም እንዲሁ ነው፦ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ጨምረው፣ ጥቂት ጠብቀው፣ እንደገና ይለኩ።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም ሳልጨምር ዘይቱ ከላይኛው መስመር አለፈ። ይህ ሊሆን ይችላል? ዘንጉን ሳሸተው ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

መልስ፦ ይችላል፤ እባክዎ ሞተር ሳይክሉን አሁን አያስነሱት። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ባለው ሞተር ሳይክል ላይ የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋው ትንሽ መርፌ ስትበላ ወይም ቆሻሻ ሲይዛት ቤንዚኑ መፍሰሱን አያቆምም። የታንከሩ መዝጊያ ተከፍቶ ካደረ ቤንዚኑ በመግቢያው አድርጎ ወደ ሲሊንደሩ፣ ከዚያም በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች) አልፎ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ መሸከም አይችልም። ከዚህም በላይ በሞተሩ ውስጥ የሚቀጣጠል ትነት ስላለ የእሳት አደጋ አለ፤ በአካባቢው ሲጋራ አይጨስ፣ ክብሪት አይጫር።

የታንከሩን መዝጊያ ይዝጉ። መርፌዋና መቀመጫዋ ተጸድተው ወይም ተቀይረው ካርቡሬተሩ መፍሰሱን ሲያቆም ብቻ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየሩ፤ ዘይቱን ብቻ ቀይሮ መተው ነገ ያንኑ ይደግመዋል። ወደፊት ሲያቆሙ መዝጊያውን የመዝጋት ልማድ ይያዙ።

ዘይቱ ቤንዚን ሳይሸት እንደ ወተት ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ ሞተር ላይ ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ቢታይ ከእርጥበት የመጣ ነው፣ ረዘም ያለ ጉዞ ያደርቀዋል። በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ዘይቱ በሙሉ ከነጣ ግን ጋራዥ ሳይገባ አይነዳ።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፣ ግን ጠቁሯል። ልቀይረው?

መልስ፦ ጥቁረት ብቻውን አያስቀይርም። ዘይቱ ጥላሸቱን እያነሳ ስለሚይዝ ይጠቁራል፤ ይህ ሥራው ነው። የሚቀየረው በመመሪያው ኪሎ ሜትርና ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ዘይቱ ጎድሎ ሳገኘው በቤት ያለውን የመኪና ዘይት ብጨምርስ?

መልስ፦ በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ላይ አንዱ ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውን (ማርሹን) እና ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያለያየውን ክፍል) ያገለግላል። የፍሪሲዮኑ ሳህኖች በዘይቱ ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት። ነዳጅ ቆጣቢ ተብለው ለመኪና የተሠሩ ቀጭን ዘይቶች ማንሸራተቻ ስላለባቸው ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። በቆርቆሮው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ ይህ ጃፓኖች ለሞተር ሳይክል ዘይት ካወጡት፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ደረጃ የመጣ ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ፍሪሲዮናቸው በዘይት ውስጥ ላልሆነ ስኩተሮች ነው። ቅጥነቱንም፣ ለምሳሌ 10 ደብልዩ 40 ወይም 20 ደብልዩ 50 የሚለውን፣ መመሪያው ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ የድሮ ትልቅ ሞተር ሳይክል አለኝ፣ የዘይት ታንከሩ ለብቻው ነው። ሳምንት ቆሞ ስለካው ባዶ ይሆናል፣ ግን መሬት ላይ ጠብታ የለም። ዘይቱ የት ይሄዳል?

መልስ፦ ወደ ሞተሩ ወርዷል። እንደ ያማሃ ኤክስ ቲ 500 ያሉት ዘይታቸውን በሻንሲው (በዋናው የብረት አካል) ቱቦ ውስጥ፣ ሌሎች ደግሞ በተለየ ታንከር ይይዛሉ። ሲቆሙ ዘይቱ ቀስ እያለ በፓምፑ በኩል ወደ ታች ይንጠባጠባል። እንዲህ ዓይነቱን ቀዝቃዛ ሆኖ ለክቶ መሙላት ከባድ ስሕተት ነው፤ ሲነሳ የወረደው ይመለስና ታንከሩ ሞልቶ ይፈስሳል። የዘንጉ ጫፍ እንኳን ዘይት ካልነካ መጀመሪያ ጫፉን እስኪነካ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ፤ ከዚያ አስነስተው በደንብ ያሙቁት፣ አጥፍተው መመሪያው ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዘይቱ ተመልሶ ሳይወርድ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ዕቃ አድራሽ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ እነዳለሁ። የዘይት መብራቱ እስካልበራ ድረስ መለካት ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። በብዙዎቹ ላይ ያ መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት ነው፣ ስለ መጠን አይደለም። ዘይቱ እየጎደለ ሄዶ ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ነው የሚበራው፤ በዚያን ጊዜ ጉዳቱ ጀምሯል። እርስዎን የሚያህል የሚነዳ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ የጨመረውን መጠንና ኪሎ ሜትሩን በትንሽ ደብተር ይጻፍ። ፍጆታው ከወር ወር ከጨመረ፣ በተለይም ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው እያለቀ ነው።

እየነዱ ሳለ መብራቱ ከበራ «እዚህ ቅርብ ነው» ብለው አይቀጥሉ። ፍሪሲዮኑን ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ወደ መንገዱ ዳር ይውጡ። ጥቂት ጠብቀው ይለኩ፤ ጎድሎ ካገኙት ሞልተው ያስነሱት። መብራቱ የበራው ዘይቱ ልኩ ላይ ሆኖ ሳለ ከሆነ ግን ችግሩ ከፓምፑ ወይም ከመብራቱ መስመር ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን ሳያስነሱ በመኪና ጭነው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።