መጀመሪያ ሆዱን እንይለት

ጤና ይስጥልኝ፣ እናቶችና አባቶች፣ አያቶችም መጥታችኋል፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የምናወራው ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ሆድ ነው። ግልጹን ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ወሬያችን ስለ ካካ ይሆናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚህ የሚያፍር ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ የሕጻናት ሐኪም ነኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይዞ የሚመጣ ወላጅ ብዙ ጊዜ "ሆዱን አመመው" አይለኝም። "ዶክተር፣ ባህሪው ተለወጠብን" ነው የሚለኝ። ራሱን ይመታል፤ እጁን ይነክሳል፤ ሌሊት እየተነሳ ይጮሃል። ቤተሰቡም፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ሐኪምም፣ "ኦቲዝሙ ነው" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ቶሎ አልቀበለውም። እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው በአራት እጥፍ ገደማ የሆድ ችግር እንደሚታይባቸው ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳይቷል። ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ ቁርጠት። እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው ድርቀቱ ነው።

አፉን ያልፈታ ልጅ "ሆዴን ቆረጠኝ" ሊል አይችልም። ስለዚህ ሰውነቱን እዩለት። የሶፋ ጠርዝ ላይ ሆዱን ተጭኖ ይተኛል? ከበላ በኋላ ጀርባውን ወደ ኋላ ይለጥጣል? ጥግ ይዞ፣ በእግር ጣቱ ቆሞ፣ መቀመጫውን ጨምቆ ፊቱ ይቀላል? ይሄኛውን ስታዩ "እያማጠ ነው" ትላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዳይወጣ እየያዘው ነው። አንድ ቀን ሲወጣ አሞታል፤ ያንን አልረሳም።

ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር ደግሞ አለ። "ድርቀት የለበትም፣ እንዲያውም ተቅማጥ ነው፣ ሱሪው ላይ ያመልጠዋል" ይሉኛል። ሆዱን ስነካው ድንጋይ ነው። ቦይ ውስጥ ድንጋይ ሲገባ ውሃው በጎን በኩል ሾልኮ እንደሚሄድ፣ ቀጭኑ ሰገራ በደረቀው ዙሪያ እያለፈ ያመልጠዋል። ልጁ አይሰማውም። እባካችሁ አትቆጡት፣ አትግረፉት። የተቅማጥ ማቆሚያ ከሰጣችሁት ደግሞ ይብስበታል።

ሕክምናው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የተጠራቀመው ይወጣል። ከዚያ በየቀኑ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላክቱሎስ፣ ሐኪሙ በልኩ አዝዞለት ይቀጥላል። ለስንት ጊዜ? ለወራት! የተለጠጠው አንጀት ወደ ቦታው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ወላጅ አንድ ደህና ሳምንት ሲያይ "ይለምድበታል" ብሎ ያቆማል፤ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። ላክቱሎስ አንጀትን ሱሰኛ አያደርግም። ለባህሪ የሚሰጠው ሪስፔሪዶን ራሱ ሊያደርቅ ይችላልና የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

መቀመጥ እናስለምደው። አንጀት ከምግብ በኋላ ይነቃል፤ ስለዚህ ከቁርስና ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ ፖፖው ላይ ይቀመጥ። ቢወጣም ባይወጣም ይመስገን። የሚቀመጠው በትልቁ መቀመጫ ላይ ከሆነ እግሩ አየር ላይ አይንጠልጠል፣ ዱካ ነገር አድርጉለት። ጨለማው፣ ሽታው፣ የውሃው ድምፅ የሚያስፈራው ልጅ ካለ ፖፖውን ሳሎን ውስጥ ብታስቀምጡ ምንም ነውር የለውም። ቅደም ተከተሉን በሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፉለት።

ምግብስ? ፓስታ፣ ብስኩትና ወተት ብቻ የሚበላ ልጅ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። ወተቱን በቀን ከግማሽ ሊትር አታሳልፉ፤ ሌላ ምግብ ይዘጋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ጥሩ ናቸው፤ ግን በግድ አይሁን። ከሚወደው ጎን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ አስቀምጡ። አሥር ጊዜ ቢገፋውም አስቀምጡ። ውሃ አብዙለት። ተልባ የሚወድ ካለ፣ ተፈጭቶ በብዙ ውሃ ይሁን። ኮሶ ግን በፍጹም!

ስንዴና ወተት ጨርሶ ስለማስቀረት በየጊዜው እጠየቃለሁ። ኦቲዝምን ያሻሽላል የሚለው ማስረጃ ደካማ ነው። መራጭ ልጅ ላይ ሌላ ክልከላ መጨመር ደግሞ ያከሳዋል። ስንዴ አይስማማውም ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ከማቆማችሁ በፊት አስመርምሩት፤ ካቆማችሁ በኋላ የሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ የደም ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ተቅማጥ ከሆነም ሰገራው ይታይ። ጃርዲያ እኛ አገር ብርቅ አይደለም።

ኦቲዝምን ከአንጀትና ከኩፍኝ ክትባት ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. የ1998ቱ ጽሑፍ በ2010 ባሳተመው መጽሔት ተሰርዟል። በዘጠኝና በአሥራ አምስት ወር የሚሰጠውን ክትባት አታስቀሩ። "ተአምረኛ ማዕድን" እየተባለ የሚሸጠውም ጠብታ በረኪና ነው፤ አንጀት ያቃጥላል።

ሰገራው ላይ ደም ካያችሁ፣ አረንጓዴ ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተነፋና ከጠጠረ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ክብደቱ እየቀነሰ ከሄደም አትዘግዩ።

ለቀጠሮ ስትመጡ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ መቼ ወጣው፣ ደረቅ ነው ቀጭን፣ ምን በላ፣ መቼ ጮኸ። ጥግ ሲይዝ በስልካችሁ ቅረጹት። እኔ ፊት አያደርገውም፤ ቪዲዮው ግን ብዙ ይነግረኛል።

ይኸው ነው። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ሰው ፊት መጠየቅ የከበደው በወረቀት ጽፎ ይላክልኝ።