መጀመሪያ የእናቱ ደረት

እንደምን አደራችሁ እናቶቼ? አባቶችስ? በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜርም አላህም ይስጥልን። ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሥራ ስጀምር ልጅ እንደተወለደ እትብቱን ቆርጠን ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንወስደው ነበር። እናጣጥበዋለን፣ እንጠቀልለዋለን። እናትየው አንገቷን አዙራ «ደህና ነው?» ትላለች። «አይዞሽ፣ ቆይ» እንላታለን። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ልጁን ከሚሞቅበት ነጥለን ለብርድ ነበር የምንሰጠው።

አራስ ልጅ ሲወለድ በእንሽርት ውሃ ርሶ ነው። እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን። እሱ መንቀጥቀጥ አይችልም፤ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ ትንፋሹም ይደክማል።

ስለዚህ አሁን ቶሎ እናደርቀዋለን። ርጥቡን ጨርቅ አውጥተን፣ ራቁቱን በእናቱ ባዶ ደረት ላይ በሆዱ እናስተኛዋለን። አፍና አፍንጫው ይታያል፤ ከላይ ደረቅ ጨርቅና ኮፍያ ይደረግለታል። እትብቱም እዚያው እንዳለ ይቆረጣል። ሚዛኑ አንድ ሰዓት ቢቆይ ምን ይሆናል?

በዚያች ሰዓት የሚሆነውን ባያችሁልኝ! ለቅሶው ይበርዳል። ትንሽ ያርፋል። ከዚያ እጁን ይልሳል፣ በእግሩ ሆዷን ገፋ ገፋ ያደርጋል፣ ማንም ሳያሳየው ጡቷ ጋ ይደርሳል። እማማዎች፣ ያን ጊዜ የሚያገኘው እንገር ነው፤ ታልቦ አይደፋ። እንገር ያልጠጣ ጥጃ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ቅቤ ማላሱም ይቅር። ገላውን ለማጠብ ደግሞ 24 ሰዓት እንታገሠው።

ያለ ቀኑ ለተወለደ ልጅማ ደረት መድኃኒት ነው። በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ይህን በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመሩት የማሞቂያ ማሽን ቢያጥራቸው ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው ይኸው ነው። በኋላ በጋና፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በህንድ ተጠና። ውጤቱ በ2021 ወጣ። ከ1,800 ግራም በታች የሆኑ ሕፃናት እስኪጠነክሩ ሳይጠበቅ ወዲያው ሲታቀፉ፣ ሞታቸው በሩብ ቀንሷል።

እኔ ያየሁትን ልጨምር። አንድ ሌሊት 1,700 ግራም የሚመዝን ልጅ ተወለደ። እናቲቱ ደም ፈሷት ራሷን መሸከም አልቻለችም። ሁለቱንም ወደ ደሴ መላክ ነበረብን፤ መንገዱ ደግሞ በጉጉፍቱ ነው። የጉጉፍቱን ንፋስ ታውቁታላችሁ። ልጁን በምን ላሙቀው ብዬ ስጨነቅ አማትየዋ ቀሚሳቸውን ከላይ ፈቱና «ወዲህ በይው» አሉኝ። በነጠላ አሰርኩላቸው፣ ጋቢ ደረብኩ። አምቡላንስ ውስጥ እስከ ደሴ ድረስ ትንፋሹን እያዳመጡ ዱአ ሲያደርጉ ነበር። ስንደርስ ሙቀቱ ሲለካ 36.7 ሆነ። ሆስፒታል ሲገባ ልጁ እንቅልፍ ላይ ነበር። እናቲቱ ስታገግም እሷ ተቀበለቻቸው፤ ሲደክማት ደግሞ አባትየው።

አዎ፣ አባትየው! የአባት ደረትም ይሞቃል። ወዲያ ጥግ ያላችሁ ቀረብ በሉ።

ይቺ አሻንጉሊት ናት፣ ይኸው ነጠላ። እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ጭንቅላቱን ወደ ጎን መለስ፣ እግሩን እንደ እንቁራሪት ፈርከክ። የነጠላው ጫፍ ከጆሮው ሥር ይሁን። እንደሱ! አሁን ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፤ ሲነሡ እንዳይንሸራተት። ቀጥሎ ማን ነው?