ሽንኩርት ለመግዛት ባጃጅ፦ የድሬዳዋን አዳዲስ ሰፈሮች ለእግረኛ መመለስ ይቻላል?

(ምስል፦ ረጅም የብሎኬት አጥር በቀትር ፀሐይ። አንዲት ሴት ዘምቢል ይዛ ባጃጅ ስታስቆም።)

አክስቴ ሽንኩርት ለመግዛት ባጃጅ ትይዛለች። ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት።

ሰነፍ ሆና አይደለም። በቀድሞ ሰፈሯ መጋላ ስትኖር ቀኑን ሙሉ በእግሯ ነበር የምትዞረው። ቀፊራ ገበያ ወርዳ ትገበያያለች፣ የታመመ ትጠይቃለች፣ ለቅሶ ትደርሳለች። ማታ በር ላይ ቁጭ ብላ ሻሂ እየጠጣች አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች። ከከተማው ዳር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች ወደ አንዱ ከገባች ወዲህ ግን እግሯ ታሰረ። «አቦ፣ እዚህ ሰው በእግሩ አይሄድም፤ ይጠበሳል እንጂ» ትላለች።

ነገሩ ስለከነከነኝ ሄጄ ለካሁት። ከእሷ ደረጃ ሥር እስከ ሽንኩርት መሸጫው በቀጥታ 200 ሜትር አይሞላም። መሀል ላይ ግን አጥር አለ። የግቢው በር ያለው ደግሞ በተቃራኒው በኩል ነው። በሩ ድረስ ሄዶ፣ አጥሩን ዞሮ፣ ሰፊውን አስፋልት ተሻግሮ ሲደረስ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድም ጥላ የሚሆን ዛፍ አላገኘሁም።

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የማወራችሁ እንዲህ ያለ ሰፈር እንዴት ተመልሶ በእግር የሚኖሩበት ሰፈር እንደሚሆን ነው።

(ምስል፦ ከላይ የታየ የሰፈር ንድፍ። መኖሪያ፣ ገበያ፣ መሥሪያ ቤት በየራሳቸው ቀለም።)

መኖሪያው ለብቻ፣ ገበያው ለብቻ፣ መሥሪያ ቤቱ ለብቻ። በመሀላቸው ሰፊ አስፋልት። ይህ አሠራር በተለይ አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተስፋፋ። እዚያ መኪና መግዛት የብዙ ቤተሰብ አቅም ሆኖ ነበር። እኛ ጋ ግን አሠራሩ መጣ፣ መኪናው አልመጣም። አክስቴ የምትኖርበት ግቢ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። ሰፈሩ የተነደፈው ለሌላቸው ነገር ነው። ዋጋውን በየቀኑ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፤ ለባጃጅ።

(ምስል፦ ሐረር ጀጎል ከላይ። ከዚያ አንድ ሞል በመኪና ማቆሚያ ተከቦ።)

አሁን ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ላሳያችሁ። አንዱ እዚሁ ጎረቤታችን ነው፤ ሐረር ጀጎል። በግንቡ ውስጥ ያለው መሬት 48 ሄክታር ነው። በዚያች 48 ሄክታር ውስጥ 82 መስጊድ፣ ከ100 በላይ የአውሊያ ሥፍራ፣ ገበያዎች፣ በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አለ። መኪና ግርግር የሚባለውን የጀጎል ጎዳና የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማታውቁት፣ ስሙ ተሽከርካሪ እንዳይመስላችሁ። የልብስ ስፌት መኪና ጫጫታ ነው። ጨርቁን እዚያው ትገዛለህ፣ ልብስ ሰፊው እዚያው በር ላይ ይለካሃል፣ ዞር ዞር ብለህ ስትመለስ ተሰፍቶ ይጠብቅሃል። ሁሉም በእግር።

ሌላው ቦታ አሜሪካ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ፣ ሌክዉድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ቪላ ኢታሊያ የሚባል ትልቅ ሞል ተከፈተ። የያዘው መሬት 42 ሄክታር ገደማ ነበር። ጀጎልን ሊያክል ምንም አልቀረው። ግን አንድም ሰው አይኖርበትም። መሀሉ ሱቅ፣ ዙሪያው የመኪና ማቆሚያ።

አንድ መኪና ስትቆም ከነመግቢያ መውጫዋ 25 ካሬ ገደማ ትይዛለች። ይህ ስፋት ከስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ብዙም አይርቅም። መሬቱ የት እንደሄደ ከዚህ ይገባችኋል።

ሞሉ ገበያው ቀዝቅዞበት በ2001 ተዘጋ። ከተማዋ በቦታው ሌላ ሞል አላቆመችም። አብዛኛው ሕንፃ ፈረሰ። መሬቱን በጎዳና ሸንሽነው 22 ትናንሽ ቁራጭ አደረጉት። ከሥር ሱቅና ምግብ ቤት፣ ከላይ መኖሪያና ቢሮ። መሀል ላይ ሰው የሚሰበሰብበት አደባባይ። በ2004 ቤልማር በሚል ስም ተከፈተ። መኪና አልተባረረም። ግን ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ የነበረው ማቆሚያ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦ ጥቂት መሬት ያዘ። የተረፈው መሬት ለሰው ሆነ።

ከሁሉም በላይ እኔን የገረመኝ ሽንሸናው ነው። ሕንፃው አይደለም። መሬት በብዙ ጎዳና ሲከፈል ሰው አቋራጭ ያገኛል። ጥግ ይበዛል። ጥግ ሲበዛ ሱቅ ይበዛል፤ ሱቅ ጥግ ይወዳል። ጀጎል ይህን ያገኘው ከጥንት ነው፣ በቅያሶቹ።

(ምስል፦ ከዚራ ሰፈር። ዛፎቹ ከግራና ቀኝ ተገናኝተው።)

ድሬም ብትሆን ይህን ታውቃለች። ከተማችን የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከሥር ሜዳው ላይ ቆመ። ከዚራ ከጣቢያው ደጃፍ ተነስታ በቀጥታ ጎዳና ተነደፈች። ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን አንጠልጥሎ በጥላ ሥር ማረፊያው ይደርስ ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪኩ ባቡር የሚያወርደው ከመሀል ከተማ ርቆ፣ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ነው። ከጣቢያው እንደወጣችሁ የምትፈልጉት ባጃጅ ነው። ያው ጉዳይ፣ በትልቁ።

ጥላውን ደግሞ አደራ፣ ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት። የፈረንጅ አገር ባለሙያዎች ሰው ያለ ችግር በእግሩ የሚሄደው አምስት ደቂቃ፣ 400 ሜትር ያህል ነው ይላሉ። ድሬ ላይ ይህ ስሌት እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ 400 ሜትር ምንም አይደለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ጥላ የሌለው 400 ሜትር አዛውንትን ይጥላል። ከዚራ ላይ በዚያው ሰዓት ሰው ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያወራል። ስለዚህ እኛ ጋ ኒም መትከል ከአስፋልት እኩል የመንገድ ሥራ ነው። ከአስፋልቱም ቀድሞ ይተከል እላለሁ፣ ዛፍ ጊዜ ይፈልጋልና።

(ምስል፦ የአክስቴ ግቢ። ግራውንድ ላይ የተዘጉ የብረት መዝጊያዎች።)

ታዲያ እዚህ ምን ይደረግ? ማፍረስ አያስፈልግም። አጥሩ በየመቶ ሜትሩ የእግረኛ በር ይከፈትለት። ለሱቅ ተብለው ተሠርተው መጋዘን የሆኑት ግራውንዶች ይከፈቱ። አስፋልቱ መሻገሪያው ላይ ጠበብ ይበል። በ50 የሚነዳ መኪና ለመቆም በ30 ከሚነዳው ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት ይፈልጋል፤ መንገድ በሰፋ ቁጥር ደግሞ ሹፌር ነዳጅ ይረግጣል። ባጃጁም ይቆይ፣ ለሩቅ መንገድ ያስፈልገናል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሰፈር ሲያምር ኪራይ ይጨምራል። ሰፈር ሲታደስም ቀድመው የሚነሱት ጉሊት የሚቸረችሩት ሴቶች ናቸው። እነሱ ከተነሱ አክስቴ ያማረ የእግረኛ መንገድ ላይ ሄዳ ሽንኩርት አታገኝም። ንድፉ ላይ የጉሊት ቦታ ከነጥላው ከመጀመሪያው መሰመር አለበት።

(ምስል፦ አጥሩ ላይ ያለ ቀዳዳ፣ በቅርበት። ጠርዙ በእጅ ብዛት ለስልሷል።)

ይህን አይታችሁልኛል? አጥሩ ላይ አንድ ሰው አራት ብሎኬት አንስቷል። ማን እንደሆነ የሚናገር የለም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚህ ነው። አክስቴም ሞክራዋለች። ዘምቢሉን አስቀድማ አሳለፈች፣ ጎንበስ አለች፣ ጉልበቷ እንቢ አላትና ተመለሰች።

እሑድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። «ቀዳዳው ይደፈን፣ ሌባ ያስገባል» የሚሉ አሉ፣ ስጋታቸውም ይገባኛል። «በር ይሁን፣ ጥበቃም ይቀመጥ» የሚሉም አሉ። ለአክስቴ የግቢውን ካርታ አትሜ ሰጥቻታለሁ። ኪሎ ሜትሩን በጥቁር፣ 200 ሜትሩን በቀይ አስምሬበታለሁ። ዘምቢሏ ውስጥ ከታዋለች።