ባቲ ገበያ ግራመር አይጠየቅም

እሷ፦ ሰላም ሰላም! ቡናው አቦል ላይ ነው፤ ስኒ ሲንኳኳ ብትሰሙ አትደናገጡ። የዛሬው ወሬያችን እንግሊዝኛ ነው። መናገሩ ማለቴ ነው።

እሱ፦ ገና ሳንጀምር ጉሮሮዬን ያዘኝ።

እሷ፦ አስተማሪው እንዲህ ካልክ እኛማ ምን እንበል?

እሱ፦ እውነቴን ነው። ደሴ ስምንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ስልሳ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ስወጣ ደግሞ ከነዚያው አንዱ ይከተለኝና "ቲቸር፣ መናገር እንዴት ልቻል?" ይለኛል። ታዲያ ይሄ ተነሳሽነት የሌለው ልጅ ነው?

እሷ፦ እናንተ ግን "የዘንድሮ ተማሪ ፍላጎት የለውም" ነው የምትሉት።

እሱ፦ እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። እንዲያ ሲሉት ይቀላል።

እሷ፦ የኔን ልንገርህ። 9ኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂው፣ ታሪኩ፣ ሁሉም በአንዴ እንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ቀን ተነስቼ "ሺ ጎ" አልኩ። "ሺ ጎዝ" ማለት ነበረብኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓመቱን ሙሉ ስሜ "ሺጎ" ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ እስከ 12ኛ እጄን አላወጣሁም። የእንግሊዝኛ ውጤቴ ግን አሪፍ ነበር!

እሱ፦ ምን ያግደዋል? የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ማጥቆር ነው። አፍሽን ክፈቺ የሚልሽ የለም። ተማሪ ሞኝ አይደለም፣ የማይጠየቀውን አይለፋበትም። ጋርድነር እና ላምበርት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1959 ሞንትሪያል ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆችን አጥንተው ነበር። አንዱ ቋንቋውን ለጥቅም ይፈልገዋል፣ ሌላው ከባለቋንቋዎቹ ጋር ለመቀራረብ። የኛን ልጅ ሳየው ጥቅሙ ፈተና ነው፤ የሚቀራረበው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ደግሞ ደጁ ላይ የለም።

እሷ፦ አባቴ ግን የባቲ ፍየል ነጋዴ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛ ይናገራል። ደብተር ይዞ አያውቅም።

እሱ፦ ሰኞ ገበያ አስተማረዋ!

እሷ፦ ወላሂ! አፋርኛውን ሲያበላሽ አፋሮቹ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል። ፍየሉ ግን ይሸጣል። እኔ ላይ ሲሳቅ የተሸጠ ፍየል አልነበረም፤ ስም ብቻ ነው የተረፈኝ።

እሱ፦ የቅኔ ቤቱንም እይ። ዋድላ ስንት ሊቅ አፍርቷል! ግእዝ ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ አይደለም። ተማሪው ግን የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ የኔታ ፊት ይነግራል፣ ይታረማል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። መታረም የዕለት ሥራው ስለሆነ አያፍርም። እኛ ዘንድ ልጁ በዓመት አንዴ ይናገራል፤ ያቺ አንዷ ከተበላሸች አለቀ።

እሷ፦ እሺ፣ አንተስ ምን አደረግክ?

እሱ፦ ክፍሌን ገበያ አደረግኩት። አርብ አርብ፣ አስር ደቂቃ። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ፍየል ይሸጣል፣ አንዱ ይገዛል፣ በእንግሊዝኛ። እኔ አላርምም፤ የሰማሁትን ስህተት ጽፌ ሰኞ ማን እንዳለው ሳልናገር ሰሌዳ ላይ አወጣዋለሁ። ስልሳውም በአንዴ ስለሚያወራ ማንም ማንን አይሰማም። የጎን ክፍል አስተማሪ ምን ተፈጠረ ብላ መጣች። አንዱ ልጅ "ማይ ጎት ኢዝ ቬሪ ፋት፣ ሺ ኢት ኦል ዘ ሜዳ" ሲል ሰማሁት።

እሷ፦ ሜዳውን በላችው!

እሱ፦ ገዢው ግን ገባው! ዋጋ አስቀነሰ። ሁሉም ተናገሩ አልልሽም። ከኋላ የሚቀመጡት በአማርኛ ነው የተደራደሩት። እሱንም ተውኩት፤ በሦስተኛው አርብ "ሃው ማች" ማለት ጀመሩ።

እሷ፦ እስቲ እኔም ልሞክር። ማይ ጎት፣ ቴን ታውዘንድ ብር።

እሱ፦ ቱ ኤክስፔንሲቭ! ፋይቭ።

እሷ፦ ፋይቭ? ኖ ኖ። ሺ ጎ ሆም!

እሱ፦ አብሽሪ፣ ሲክስ እከፍላለሁ።