ትልቁ አምባዛ ሚዛን ላይ አልወጣም

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ዓሣ ነው። በዓለም ሪከርድነት ስለተመዘገቡ ትልልቅ ዓሦች፣ እና እነዚህ ሪከርዶች ይሰበራሉ ወይስ አይሰበሩም ስለሚለው። ደሴ ተቀምጦ ስለ ሻርክ ማውራት ምን የሚሉት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አብሽሩ፣ ሐይቅ (የከተማዋም የውሃውም ስም ነው) ከዚህ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዚያም መድረሳችን አይቀርም።

በጣም ከምወደው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1932 (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ጁን 2፣ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ ጆርጅ ፔሪ የሚባል ወጣት ገበሬ ነበር። ዘመኑ የድህነት ዘመን ነው። ዝናቡ ማረስ ከለከለውና ከጓደኛው ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። 10.09 ኪሎ የሚመዝን አፈ ሰፊ ባስ የሚባል ዓሣ ያዘ። ሄለና የምትባል ከተማ ወስዶ ፖስታ ቤት ባለው ሚዛን አስመዘነው። ከዚያስ? ቤቱ ወሰደውና ከቤተሰቡ ጋር በላው። የዓለም ሪከርድ ተጠብሶ ተበላ! እኔን የሚመቸኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ያ ሪከርድ ግን እስከ ዛሬ አለ። በ2009 ማናቡ ኩሪታ የሚባል ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ 10.12 ኪሎ ያዘ። በለጠ አይደል? አልበለጠም። ሪከርዶቹን የሚመዘግበው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ ማኅበር፣ በዚህ ክብደት ያለ ዓሣ የቀድሞውን ቢያንስ በ57 ግራም ገደማ መብለጥ አለበት ይላል። የኩሪታ ልዩነት 30 ግራም አካባቢ ናት። ስለዚህ ከፔሪ ጋር እኩል ተብሎ ተመዘገበ። ያውም የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ ተቀምጦ፣ ተጠይቆ፣ ካለፈ በኋላ! የፔሪን ዓሣ ማሽን ቀርቶ ድመት እንኳ ሳይጠይቀው ነው የገባው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ሪከርድ ማለት ትልቁ ዓሣ ማለት አይደለም። ትልቁ የተመዘነ ዓሣ ማለት ነው። ያውም በሕጉ የተያዘ። የማጥመጃ ዘንጉን ሌላ ሰው ከነካው ቀረ። ጀልባ ላይ ከመዘንከው አይቆጠርም፣ መሬት ላይ፣ ማረጋገጫ ባለው ሚዛን መሆን አለበት። በ1976 ክላይቭ ግሪን የሚባል አውስትራሊያዊ 1,537 ኪሎ የሚመዝን ነጭ ሻርክ ጎትቶ አወጣ፤ በወቅቱ ከነበረው ሪከርድ ከ300 ኪሎ በላይ ይበልጣል። መንጠቆው ላይ የሰካው የዓሣ ነባሪ ሥጋ ስለነበረ ግን ውድቅ ተደረገ። በ2006 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፔሪ በአንድ ኪሎ ገደማ የሚበልጥ ባስ ወጥቶ ነበር። መንጠቆው የያዘው አፉን ሳይሆን ገላውን ነበርና ሰዎቹ መልሰው ለቀቁት፣ አላስመዘገቡትም። እኔ ብሆን የምለቀው አይመስለኝም፣ እውነቱን ለመናገር።

አሁን ወደ ሐይቅ እንምጣ። ከቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ወዲህ ባለው ዳርቻ ዓሣ የሚሸጡትን ቆማችሁ ካያችሁ ቆሮሶው ወዲያው ይሞታል፣ ዓይኑ ይፈዛል። አምባዛው ግን አይሞትም። ሣር ላይ ተጋድሞ፣ ያ ጠፍጣፋ ሰፊ ጭንቅላቱ፣ ጢሙ ግራና ቀኝ ተበትኖ፣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ አየር ይስባል፤ ከውሃ ውጭ መተንፈስ ይችላልና ሰዓታት ይቆያል። ቅርፊት የለውም፣ ያሙለጨልጫል። ሊመዝኑት በጉንጩ ገመድ አስገብተው በእጅ ሚዛን ሲያንጠለጥሉት ይወራጫል፤ መርፌው አራትን ያልፍና ሦስት ላይ ይመለሳል፣ ደግሞ አምስት ይጠጋል። ሻጩ አምስት ነው ይላል፣ ገዢው ሦስት። አራት ላይ ይታረቃሉ። ዓለም አቀፉ ማኅበር ይህን ቢያይ ምን እንደሚል እንጃ።

አንድ ሸምገል ያሉ አስጋሪ ትልቁ አምባዛ ስንት ይሆናል ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ትልቁንማ መረቡ አይችለውም ልጄ፣ በጥሶት ነው የሚሄደው» አሉኝ። አምናቸዋለሁ። ለመዝጋቢው ግን ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የዚሁ ዝርያ ሪከርድ፣ በ1992 ደቡብ አፍሪካ ኦሬንጅ ወንዝ ላይ የተያዘው፣ 36 ኪሎ ነው። አፍሪካን ሙሉ የሚኖር ዓሣ ነው፣ ከዚያ የሚበልጥ የለም ብሎ የሚምል ሰው ካለ እኔ አብሬው አልምልም።

ታዲያ የትኛው ይሰበራል? ነጭ ሻርኩን እርሱት። አልፍሬድ ዲን በ1959 ደቡብ አውስትራሊያ፣ ሴዱና ላይ 1,208 ኪሎ ያዘ፤ ዛሬ ያ ዓሣ እዚያው አውስትራሊያ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ በሩ ተዘግቷል። ጥቁር ማርሊን የሚባለው የባሕር ዓሣ ሪከርድም ይሰበራል ለማለት ይከብደኛል። አልፍሬድ ግላሴል በ1953 ፔሩ፣ ካቦ ብላንኮ ላይ ነው 707 ኪሎ የያዘው። ያ ባሕር ያኔ በትንንሽ አንቾቪ የሞላ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአንቾቪው ክምችት ወደቀ። የሚበላው ሲያልቅ በዪው እንዴት ይወፍራል?

ዓሣ እኮ እንደ ሰው አንድ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ማደጉን አያቆምም። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ በኖረ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ ጥያቄው የአጥማጁ ጉብዝና ብቻ አይደለም፣ ዓሣው እንዲያረጅ ተትቷል ወይ ነው። ሐይቅ ላይ ሳህን ላይ የሚቀርብልንን ቆሮሶ እዩት፣ ከመዳፍ እምብዛም አያልፍም። ጾም ሲገባ ደግሞ ፈላጊው ይበዛል (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ ዕድሜ ይስጠኝ)። መረቡ ሳያሳድገው ያወጣዋል። 6 ኪሎ የሚመዝን ቆሮሶ ካሪባ ሐይቅ ላይ ተመዝግቧል ስላቸው የሐይቅ ልጆች ሳቁብኝ።

ናይል ፐርችን ደግሞ ተመልከቱ። ሪከርዱ 104 ኪሎ ነው፣ በ2000 ግብፅ፣ ናስር ሐይቅ ላይ የተያዘ። የአስዋን ግድብ ያለቀው በ1970 ነው፤ አዲስ ሰፊ ውሃ፣ ብዙ ምግብ፣ እና ዓሣው ሠላሳ ዓመት ጊዜ አገኘ። ያ ውሃ ከየት መጣ? በሽሎ ከወሎ ተነሥቶ ዓባይ ይገባል፤ ተከዜም ከላስታ ተነሥቶ በአትባራ በኩል እዚያው ይደርሳል። የኛን ውሃ ጠጥቶ የወፈረ ዓሣ ነው እንግዲህ፣ ድርሻችን ባይጠቀስም።

ብር አስይዝ ብትሉኝ የማስይዘው ብሉፊን ቱና ላይ ነው። ኬን ፍሬዘር በ1979 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሻ ላይ 678 ኪሎ ያዘ፣ የፈጀበትም 45 ደቂቃ ብቻ ነው። አትላንቲክ ላይ የኮታ ቁጥጥሩ ከጠበቀ ወዲህ ቱናው እያገገመ ነው፤ የሚያድግበት ጊዜ አግኝቷል። ባሱም ይሰበራል ባይ ነኝ፣ ከቢዋ ግን አልጠብቅም። ጃፓኖች ባስን መጤ ወራሪ ነው ብለው፣ እዚያ ሐይቅ ላይ የያዝከውን መልሰህ እንዳትለቅ ከ2003 ጀምሮ ከልክለዋል። ትልቅ የሚሆነው ትንሹ ሲለቀቅ ነዋ!

ለኛ የሚሻለው አንድ ሌላ መንገድም አለ። ከ2011 ጀምሮ ማኅበሩ በርዝመትም ይመዘግባል፤ ለክተህ፣ ፎቶ አንስተህ፣ ዓሣውን በሕይወት ትለቀዋለህ። ለዚህኛው የሚወራጭ መርፌ ላይ መጨቃጨቅ የለም። አምባዛውን ግን የሚለካልህ ሰው ቢገኝ፣ መልሶ የሚለቅልህ ሰው ሐይቅ ላይ ማግኘትህን እንጃ፤ የእራት ጉዳይ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ በሕይወታችሁ ያያችሁትን ትልቁን ዓሣ ጻፉልኝ። ክንድ ዘርግቶ ይህን ያህላል አይሠራም፣ በኪሎ ይሁን፣ የተመዘነው ከነሆዱ ይሁን ከጸዳ በኋላም ንገሩኝ።